የማክሰኞና የዓርብ ምልክት

በዚያች ከተማ «ጸጥታ መጣች!» ከተባለ በየቤቱ አንድ ነገር ይደበቃል። ሞባይል ያለው ከትራስ ሥር ይሸጉጣል፣ ገመድ አልባ ድምፅ ማጉያ ያለው ሶኬቱን ይነቅላል፣ ምንም የሌለውም ምንም የሌለው መምሰል አቅቶት ይርበተበታል። ጸጥታ እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አልነበረም፤ ሥራዋ ነው ስም ሆኖ የቀረባት። ሌላ ቦታ ጸጥታ አስከባሪ ሲባል ዱላ የያዘ ሰው ነው የሚታሰበው። እሷ ግን የምታስከብረው የምሩን ጸጥታ ነበር፤ ያውም በጆሮ የማይሰማውን።

ከከተማዋ በላይ፣ ኮረብታው ትከሻ ላይ፣ የምርምር ጣቢያው ትልቅ ዲሽ ቆሟል። ዲሹ ሰማይ ያዳምጣል። በሩቅ ከዋክብት ዙሪያ የሚያስብ፣ እንደኛው መሣሪያ ሠርቶ የሬዲዮ ሞገድ የሚልክ ፍጡር ካለ ድምፁን ይይዝ እንደሆነ ብለው የተከሉት ነው። ያን ያህል መንገድ ተጉዞ የሚደርስ ድምፅ ከደካማም ደካማ ስለሚሆን፣ ከታች ከተማው ውስጥ አንድ ሰው ሞባይል ከከፈተ ዲሹ ጆሮ ሥር ከበሮ እንደ መታ ይቆጠራል። ስለዚህ ሞገድ የሚረጭ ዕቃ ሁሉ ክልክል ነው። ሰው በመስመር ስልክ ይደዋወላል፤ ማይክሮዌቭ የሚባል ነገር ልጆች የሚያውቁት በሥዕል ነው። ጸጥታም ጣራዋ ላይ አንቴና በተገጠመላት አሮጌ ፒክአፕ እየዞረች ሕግ ተላላፊውን ትለቅማለች።

ዕድሜዋ ሃምሳ አራት ነው። ባሏ ካረፈ በኋላ ብቻዋን ትኖራለች። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ስትፈትሽ ኖራ፣ ሰው ማመን የሚሉት ነገር ቀስ በቀስ ከእጇ ሾልኮ ወጣ። ጎረቤት ሻይ ካቀረበላት «ምን ደብቆ ነው?» ትላለች፤ ካላቀረበላትም «ምን ደብቆ ነው?» ትላለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋ ተረት ከአፏ አትጠፋም።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ደውለው ጠሯት። ፕሮፌሰሩ የጣቢያው ኃላፊ ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰማይ አዳምጠው አንድም መልስ ሳያገኙ ጡረታቸው ሁለት ወር ቀርቶታል። ቢሯቸው ስትገባ ጠረጴዛው ላይ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ የታተመ ወረቀት አየች። አጠገባቸው ምልክት የሚያነበው ወጣት መሐንዲስ ቆሟል። ከሲታነቱን አይተው «ቀጭኑ» ይሉታል።

«ዘጠኝ ጊዜ» አሉ ፕሮፌሰሩ፤ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ እያስኬዱ። «ማክሰኞና ዓርብ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ዲሹን ወደዚህች ኮከብ ስናዞር ይመጣል። ዲሹን ዘወር ስናደርግ ይጠፋል። እይው፤ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ማሽን ቢሆን እንደ ሰዓት እኩል ይመታ ነበር። ተፈጥሮ ቢሆን ዝብርቅርቁ ይወጣ ነበር። ይሄ ሁለቱም አይደለም።»

«ከእኔ ምን ይፈልጋሉ?» አለች ጸጥታ።

«ከከተማው አለመሆኑን አረጋግጪልኝ። ሰኞ እኩለ ቀን ላይ በየአገሩ ላሉ ጣቢያዎች ደብዳቤ እልካለሁ።»

ጸጥታ አንገቷን ነቀነቀችና ወጣች፤ ደረጃውን ስትወርድ ግን ነገሩ ከነከናት። «ከከተማው መሆን አለመሆኑን እዪልኝ» አላሉም። «አለመሆኑን አረጋግጪልኝ» ነው ያሉት። መልሱን አስቀድሞ የያዘ ሰው ጥያቄ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ቀጭኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓይኑን ከጫማው ላይ አላነሳም። ሰው እንዲህ ያለ የምሥራች ሲነገር ጫማውን ያያል?

ረቡዕና ሐሙስ ከተማዋን ሰፈር በሰፈር አበጠረች። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ገብታ መሣሪያዋ ጢው ሲልባት የሰውየውን ጆሮ ይዛ አዞረችው፤ ገመድ አልባ ማዳመጫ ተሸጉጦበታል።

«ሠላሳ ዓመት የሰው ወሬ ሰማሁ» አላት ሳያፍር። «አሁን ትንሽ ዘፈን ብሰማ ምናለበት?»

ትምህርት ቤት ሄዳ የርዕሰ መምህሩን መሳቢያ አስከፈተች። ሦስት ሞባይል ተኝቷል።

«ከተማሪ የተቀማ ነው!» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ከተቀማ ለምን ቻርጅ ላይ ተሰካ?»

ርዕሰ መምህሩ ሳል ያዛቸው። ይሁን እንጂ የማዳመጫውም የሞባይሉም ሞገድ ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አልገጠመም። ሁሉንም ቀምታ፣ ሁሉንም ተቆጥታ፣ ባዶ እጇን ተመለሰች። የቀራት አንድ ሰፈር ነበር፤ ከድልድዩ ማዶ ጎድጎድ ያለው፣ የልብስ ሰፊዋ ሰፈር።

ልብስ ሰፊዋ አብሮ አደጓ ናት። በአንድ በር ወጥተው በአንድ በር የገቡ፣ አንዷ ስትመታ ሌላዋ የምታለቅስ ነበሩ። ጸጥታ በዓለም ላይ አንድ የማትጠረጥረው ሰው አለ ከተባለ እሷ ናት። ስለዚህም ያንን መንገድ ፈትሻው አታውቅም። በየወሩ ቅጹ ላይ «ንጹሕ» ብላ ትፈርምና ታልፋለች። መስኮቱ ላይ የስፌት መኪናው ሲንኳኳ ትሰማለች፤ ከፒክአፑ ሳትወርድ እጇን ታውለበልባለች፤ በቃ።

ዓርብ ረፋድ፣ ለወጉ ያህል፣ ፒክአፑን ድልድዩ ማዶ አቆመች። አራት ሰዓት ከሃያ ሲሆን የመሣሪያዋ መርፌ ተነሣ። ወደቀ። ተነሣ። ወደቀ። ጸጥታ የፕሮፌሰሩን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አስተያየችው፤ ቁርጥ እሱ ነው። ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ድምፁን ለቀቀችው።

የሚተነፍስ ነገር ነበር።

ረጅም፣ ሻካራ ትንፋሽ። ከዚያ ዝም። ከዚያ እንደገና። መጨረሻው ላይ ትንሽ ፉጨት አለው። አሥራ አንድ ዓመት ዘፈንም፣ ወሬም፣ የባልና የሚስት ጭቅጭቅም በዚህ ማዳመጫ ሰምታለች፤ ትንፋሽ ግን ሰምታ አታውቅም። አንቴናዋን በእጇ ይዛ ወረደችና ድምፁ ወደጠነከረበት በእግሯ ተከተለችው። አጥር ዞረች፣ ቧንቧውን አለፈች፣ ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ስትደርስ መርፌው ጫፍ ነካ።

አላመነችም። ወደኋላ ተመልሳ እንደገና መጣች። መርፌው እንደገና ጫፍ ነካ።

ልብስ ሰፊዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች። አንገቷ ላይ ሜትር ተጠምጥሟል። መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ አንቴናውን ስታይ ፈገግታው ተኖ ጠፋ።

«ውይ እህቴ! ምነው በደህናሽ?»

«አላስገባም ትያለሽ?»

«ቤቱ ዝርክርክ ብሏል። የሠርግ ልብስ ላይ ነኝ። ነገ ነይ።»

«ማነው ጓሮ ያለው?»

«ማን ይኖራል? አባባ ናቸው እንጂ።»

«ሌላስ?»

ልብስ ሰፊዋ እጇን መቃኑ ላይ አሳረፈች፤ መንገድ የመዝጋት ያህል። ጸጥታ ያቺን እጅ አየች። የሸሸገችው ሰው ይኖር ይሆን? ለሌላ የሚሠራ፣ የጣቢያውን ሥራ ሊያበላሽ የተላከ? እሷንስ ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነው የምታታልላት? ከቦርሳዋ የፍተሻ ፈቃዱን ወረቀት አወጣችና ዘረጋችው።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን አላነበበችም። የወዳጇን ፊት ነው ያነበበችው። «እኔ ላይ?» አለች ቀስ ብላ፤ ከዚያ እጇን ከመቃኑ አወረደች።

ግቢውን አቋርጠው ጓሮ ያለችው ክፍል ገቡ። አባባ፣ የልብስ ሰፊዋ አባት፣ ግራ ጎናቸው ዝሎ፣ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሞ አልጋ ላይ ተኝተዋል። ያኔ ሁለቱን ሕፃናት በአንድ ትከሻ ይሸከሙ የነበሩ ሰው አሁን የአንሶላውን እጥፋት እንኳ አልሞሉትም። ራስጌያቸው ላይ ቡጢ የምታክል ነጭ ዕቃ ተቀምጣለች፤ እናቶች ሕፃን ሲያስተኙ ልቅሶውን ከሌላ ክፍል ሆነው የሚሰሙባት ዓይነት። ድምፅ ስትሰማ ትልካለች፤ ዝም ሲል ዝም ትላለች።

«ከታመሙ ዓመት ከሁለት ወራቸው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አክታ ያንቃቸዋል፤ መጣራት አይችሉም። አንድ ቀን የስፌት መኪናው ላይ ሆኜ ሳልሰማ ሊሞቱብኝ ነበር፤ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነው የደረስሁት። መስፋቱን ብተው በምን እንብላ? ይቺ ዕቃ ራስጌያቸው ሆና ትንፋሻቸውን ትሰማለች፣ ሌላዋ እኔ ጉልበት ላይ ሆና ትነግረኛለች።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

የጸጥታ ዓይን ወደ ነጯ ዕቃ ሄደ።

«አየሽ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ማን አመጣልሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ለመናገር አልፈለገችም፤ ግን ጸጥታ መልሱን ራሷ አገኘችው። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ባል ማን ነው? ቀጭኑ ነው። በየሳምንቱ ለሥራ ወደ ትልቁ ከተማ የሚሄደው ማን ነው? ቀጭኑ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ምልክቱን ከማሽኑ እያነበበ ለፕሮፌሰሩ የሚያቀርበውስ?

ሕጉ ዕቃውን እዚያው ቀምተሽ ውጪ ይላል። ጸጥታ እጇን ዘረጋች፤ አባባ በደህናው ዓይናቸው ተከተሉት። እጇን መለሰችው። በሥራ ዘመኗ የተከለከለ ዕቃ አይታ ባዶ እጇን የወጣችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ቀጭኑን ጣቢያው ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘችው። ገና ስታየው ገባው።

«እትዬ፣ ይስሙኝ—»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ዘጠኝ ጊዜ አንብበህ ዘጠኝ ጊዜ አላወቅህም?»

«መጀመሪያ አላወቅሁም። ዕቃዋ ደካማ ናት፤ ኮረብታውን አትዘልም ብዬ ነበር። ዲሹ ለዚያች ኮከብ ሲያዘነብል ግን ጠርዙ ወደ ከተማው ይመለሳል፤ ለካ በዚያ በኩል ነው የሚገባው። ሦስተኛው ላይ ጠረጠርሁ። ልነግራቸው ቢሯቸው ስገባ ፕሮፌሰሩ መስኮት ላይ ቆመው እያለቀሱ አገኘኋቸው። ከዚያ በኋላ በየት በኩል ልናገር?»

«ዝም አይነቅዝም ብለህ ዝም አልህ።»

«ነቀዘ እንጂ እትዬ» አለ። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

አዘነችለትም፣ አላመነችውም። በራሱ ስም የሚጠራ ግኝት ፈልጎ እንደሆነስ? ጡረታ የሚወጡትን ሰው ወንበር ዓይቶ እንደሆነስ? «እስከ ሰኞ ጠዋት ንገራቸው» አለችው። «ካልነገርህ እኔ እናገራለሁ።»

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ የጣቢያው ሰዎች ሁሉ ስብሰባ አዳራሽ ተሰብስበዋል። ፕሮፌሰሩ ከረቫት አድርገዋል። ደብዳቤው ፊታቸው አለ። ቀጭኑ ማዶ ተቀምጦ ጫማውን ያያል፤ ጸጥታ ገና ከበር ሆና እንዳልተናገረ አወቀች።

«እህሳ፣ ከተማው ንጹሕ ነው?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«አይደለም። ምልክቱ ከድልድዩ ማዶ ካለ ቤት ነው የሚወጣው። ሰምቼዋለሁ፤ ዕቃውንም አይቻለሁ።»

ፕሮፌሰሩ ወዲያው አልተቆጡም፤ ያ ነው ያስፈራት። ተነሥተው ከመደርደሪያው ወፍራም አቃፊ አወጡና ገልጠው ገፉላት።

«ይሄ የማን ፊርማ ነው?»

«የኔ ነው።»

«የድልድይ ማዶ ሰፈር። ንጹሕ። ንጹሕ። ንጹሕ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። እንግዲህ ወይ ያኔ ዋሽተሻል፣ ወይ አሁን ትዋሺያለሽ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ሰበብ ያበጅ ነበር። «ያኔ ነው የዋሸሁት» አለች። «የወዳጄ ሰፈር ነው፤ ፈትሼው አላውቅም።»

«ማን ነው የላከሽ?»

«ማንም።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ምንም ሳይሰማ፣ እኔ ልሰማ ስል ዕቃው ያን ቀን ተገኘ? ደብዳቤው ሊወጣ አራት ሰዓት ሲቀረው?»

ያኔ ቀጭኑ ተነሣ። ወንበሩ ወለሉን ሲቧጥጥ ሁሉም ዘወር አለ። «ዕቃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለ። «ለባለቤቴ አያት ነው። ሦስት ሳምንት አውቄ ዝም ብያለሁ።»

ፕሮፌሰሩ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። ሁለቱንም አላመኑም። «ተመካክራችሁ ነው» አሉ። «ደህና። እኔ በሰው ቃል አልሄድም። አራት ሰዓት ላይ ዲሹን ወደ ኮከቧ አዞራለሁ። አንቺ እዚያ ቤት ሆነሽ ሳትነግሪኝ፣ በፈለግሽው ደቂቃ ዕቃውን አሥር ጊዜ አጥፊ፣ አሥር ጊዜ አብሪ። ሰዓቱን ጻፊ። እኔም የማየውን እጽፋለሁ። በኋላ እናስተያያለን። አንተ ከዚህ ክፍል አትወጣም፤ ስልክም አትነካም።»

አራት ሰዓት ላይ ጸጥታ አባባ ራስጌ፣ የእጅ ሰዓቷን ፈትታ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ ግድግዳ ተደግፋ ክንዷን አጣምራ ቆማለች፤ ከዓርብ ጀምሮ ያወጣችው ቃል «ግቢ» የሚለው ብቻ ነው። ለመጻፊያ ወረቀት ስትጠየቅ የልብስ ንድፍ ከምትቆርጥበት ካኪ ወረቀት ቀዳ ሰጠቻት።

ጸጥታ አጠፋች፤ ጻፈች። ሰባት ደቂቃ ቆይታ አበራች፤ ጻፈች። እንዳይገመት አንዴ በደቂቃ፣ አንዴ በስድስት ደቂቃ ቀያየረችው። አባባ የእጇን ሥራ ይከታተላሉ። አራተኛው ላይ ልታጠፋ ስትል ደህና እጃቸው ከአንሶላው ሥር ወጥቶ አንጓዋን ያዘ። ያን ያህል ጉልበት አላቸው ብላ አላሰበችም።

«አባባ፣ አልወስደውም» አለቻቸው። «ልጅዎ እዚሁ ናት። እየሞከርን ነው።»

አልለቀቁም። በደህናው ዓይናቸው ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ሌባ እንደሚታይ ነው ያዩዋት። ልብስ ሰፊዋ መጥታ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቀቀች። ያኔ ጸጥታ አንድ ነገር አስተዋለች፤ እኚህን ሰው ከታመሙ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ መጥታ አልጠየቀችም። መታመማቸውንም አላወቀችም። በየወሩ እጅ አውለብልባ ነው ያለፈችው።

አሥሩ ሲያልቅ ወደ መስፊያው ክፍል ሄዳ በመስመር ስልኩ ደወለች። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው አነሡ።

«አንቺ አትናገሪ። መጀመሪያ እኔ ላንብብ» አሉ። አነበቡ፤ አራት ሰዓት ከስድስት፣ ጠፋ። አራት ሰዓት ከአሥራ ሦስት፣ መጣ። ጸጥታ በካኪው ወረቀት ላይ ጣቷን እያስኬደች ተከተለች። አንዱም አልተዛነፈም። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ንባባቸው ዘገየ፤ ግን እስከ አሥረኛው ድረስ አነበቡት።

«ገጥሟል?»

«ገጥሟል ፕሮፌሰር። ሁሉም።»

መስመሩ ላይ ወረቀት ሲያጥፉ ተሰማ።

«እኔ ያየሁት መስመር ብቻ ነው» አሉ። «አንቺ ሰምተሽዋል። ምን ይመስላል?»

«የታመመ ሽማግሌ ትንፋሽ ነው።»

«ከእኔ ይበልጣሉ?»

«ሰማንያ ሁለት ናቸው።»

«እሺ» አሉና ዘጉ። ደብዳቤው አልተላከም።

ከተማዋ ሳምንት ሙሉ ሳቀች። ፀጉር አስተካካዩ ለገባው ለወጣው «ሰማይ ለሰማይ ሲፈልጓቸው አባባ እዚህ ተኝተው!» ይል ነበር፤ ጸጥታ ሰምታ አልሳቀችም። ፕሮፌሰሩ ሁለት ወራቸውን ጨርሰው በጸጥታ ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት ያቺን ኮከብ ሌላ ስድስት ጊዜ አዳመጧት ይባላል። ቀጭኑ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወረ። ጸጥታ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፤ ከፋይሏ ጋር ተያይዞ አለ።

ነጯን ዕቃ እንደ ሕጉ ወሰደቻት፤ የወሰደቻት ግን ሌላ ነገር ከተከለች በኋላ ነው። ወደ ጣቢያው ከመምጣቷ በፊት ስልክ ቤት ነበር የምትሠራው፤ ምሰሶ ላይ ወጥታ መስመር ትቀጥል ነበር። ሁለት አሮጌ የስልክ እጀታ አምጥታ፣ ግቢውን የሚያቋርጥ ሠላሳ ሜትር ሽቦ በአጥሩ ላይ ዘርግታ፣ አንዱን አባባ ራስጌ፣ ሌላውን የስፌት መኪናው አጠገብ አሰረችው። ሽቦ ሞገድ አይረጭም። ልብስ ሰፊዋ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማች። «ይሰማል» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

አሁን ጸጥታ እሑድ እሑድ ከሰዓት ትመጣለች። አባባ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ልብስ ሰፊዋ ሁለት ሰዓት እንቅልፍ ታገኛለች። አንድ እሑድ ጸጥታ ድፍረት አግኝታ «ወረቀቱን ያወጣሁብሽ ቀን…» ብላ ጀመረች።

«ወረቀቱ አይደለም» አለች ልብስ ሰፊዋ ነጠላ ጫማዋን እያወለቀች። «አሥራ አንድ ዓመት ያልፈተሽሽኝ ስለምታምኚኝ ነበር የሚመስለኝ። ለካ ስለማትመጪ ነው።»

ጸጥታ የአባባን ትራስ አስተካከለች። አባባ ሻካራ ትንፋሻቸውን ስበው ለቀቁ።

ልብስ ሰፊዋ ብርድ ልብሷን ይዛ ወደ ወዲያኛው ክፍል ሄደች። «እኔ ሳልነቃ ብትወጪ» አለች ከበሩ ላይ ሆና፣ «የውጭውን በር ሳቢው፤ ንፋሱ ይከፍተዋል።»